ገጽ አርባ ሦስት

አምለሰት የራሷን ዓረፍተ ነገር በሰው አፍ የሰማችው እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሳምሪ ፀጉር ቤት ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ስር ተቀምጣ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ ውኃ የሚሞቅበት ባልዲ። ካስኩ ስላረጀ እንደ እህል ወፍጮ ያጓራል። ሳምሪ ሥራ ላይ ሆና ዝምታ አትወድም። ስልኳን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትረካ ትከፍታለች፤ ደንበኞቿም ለምደውታል፤ አንዳንዷማ ፀጉሯ ቢያልቅም ታሪኩ ካላለቀ አትነሳም። ያን ዕለት የሚተርከው ድምፀ ወፍራም ወንድ ነበር። አምለሰት መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ሳምሪ ሙቀቱ በዛባት ብላ ካስኩን ስታጠፋው ግን፣ በዚያች ድንገተኛ ጸጥታ መሀል ድምፁ «እጁ ጣቴን ጨብጦ ነበር፤ ሦስተኛው ወንዝ ላይ ለቀቀኝ» አለ።

ዓረፍተ ነገሩ የሷ ነው። ያንን አንዱን ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባት ነበር።

«ሳምሪ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ መልሺልኝ።»

«ደስ አይልም? እኔ ሁለቴ ነው ያለቀስኩበት» አለች ሳምሪ ማበጠሪያዋን በፎጣ እየጠረገች። «ጸሐፊው ደግሞ የናንተው ሰው እኮ ነው፤ የአጎትሽ ልጅ። ዛሬ የሚመረቀው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።»

ተራኪው ከመጀመሪያው ተነሳ። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች፣ ትከሻ ሲለዋወጡ የሚሉት ቃል፣ ሁሉም እንደነበረ አለ። ሲጨርስ «ከመምህር ወንዳወቅ ላቀው ‹አርባ ትከሻ› የተሰኘ አዲስ መጽሐፍ የተቀነጨበ፤ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቡሬ ከተማ ይመረቃል» ብሎ ዘጋ። አምለሰት ፀጉሯን ልትሠራ የመጣችው ለዚያው ምረቃ ነበር። ዓርብ ዕለት የአጎቷ ሚስት እትዬ ሀብትነሽ ደውለው «ወንድምሽ ስሙ ሊጠራ ነው፤ እንደ እንግዳ ሰዓቱን ጠብቀሽ እንዳትመጪ» ብለዋት፣ ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ነው የወጣችው። ከወንበሩ ተነሳች። ሁለት መቶ ሃምሳ ብሯን መስታወቱ ስር አስቀምጣ፣ እርጥብ ፀጉሯን በነጠላዋ ጠቀለለች።

«ኧረ ሳይደርቅ! ብርድ ይመታሻል!» ስትል ሳምሪ ጮኸች። አምለሰት ግን በሩን አልፋ ነበር።

አምለሰት አዋላጅ ነርስ ናት። ወደ ፍኖተ ሰላም ከመዛወሯ በፊት አራት ዓመት ቋሪት ሠርታለች። በ2013 ነሐሴ፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪና ማለፍ ባቃተው ጊዜ፣ ከአንድ ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ወጣች። የልጁ እጅ ቀድሞ መጥቷል። አምለሰት ጤና ጣቢያዋ ካለበት ከገበዝ ማርያም ወርዳ መንገድ ላይ ተቀበለቻቸውና፣ አስፋልት እስኪደርሱ ድረስ እጇን ከብርድ ልብሱ ስር አድርጋ ከቃሬዛው ጎን ጎን ተጓዘች። እናትየዋ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። በዓመቱ ታሪኩን ልትጽፍ ስትነሳ መጀመሪያ ሄዳ ያስፈቀደችው ያችን እናት፣ በለጠችን፣ ነበር። በለጠች ሽሮዋን እያማሰለች «የኔን ስም ተይው» አለቻት። «የሱን እጅ ግን ጻፊው። በዚህ ዓለም ላይ ያገኘው ሰው አንቺን ብቻ ነው።» አምለሰት «የልጁ እጅ» ብላ ጽፋ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። የመንግሥት ሠራተኛ ነችና፣ ስለ መንገድና ስለ አምቡላንስ ጻፈች ተብሎ ጣጣ እንዳይመጣባት፣ ስሟን ሸሽጋ «ያምሮት ዘቋሪት» በሚል ገጽ ነበር የለጠፈችው። የገጹን ባለቤት ከዘመዶቿ አንድም ሰው አያውቅም። ወንዳወቅም አያውቅም።

መናኸሪያው አጠገብ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መጽሐፉን በሦስት መቶ ሰማንያ ብር ገዛችው። ሽፋኑ ላይ የሚያምር ተራራ አለ፤ ተራራው የቋሪት አይደለም። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ስልኳን በአንድ እጅ፣ መጽሐፉን በሌላው እጅ ይዛ መስመር በመስመር ታስተያይ ጀመር። አሥራ ሁለት ታሪኮች አሉት፤ አምስተኛው የሷ ነው። ርዕሱን ለውጦ ‹አርባ ትከሻ› ብሎታል፤ ያው የመጽሐፉም ርዕስ ሆኗል። ወንዳወቅ አዋላጇን ወንድ ነርስ አድርጓታል። ሥራው ከባድ አልሆነበትም፤ በአማርኛ «እኔ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከግሡ አይታወቅም። «ሄድኩ»፣ «አለቀስኩ»፣ «ያዝኩት» ያለችውን ሁሉ እንዳለ ወስዶታል። የቀረው ሌሎች ሰዎች እሷን የሚያናግሩበት ቦታ ብቻ ነው። ተሸካሚዎቹ «ሲስተር» ያሏትን «ዶክተር» አድርጎ፣ «ነይ»ን «ና»፣ «ያዢ»ን «ያዝ» እያለ አርሟል። መግቢያው ላይ ደግሞ «ቋሪት ሳስተምር በዓይኔ ያየሁት» ብሎ ጽፏል። ማንኩሳን እንዳለፉ ገጽ አርባ ሦስት ላይ ደረሰች። አንብባ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘግታ የማሳውን ገለባ ስታይ ቆየች።

እንድሪያስ ለሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ደወለች፤ ጠበቃ ነው።

«የተጻፈበት ቀን አለሽ?» አላት።

«ነሐሴ 21 ቀን 2014። ገጹ ላይ አለ።»

«ስክሪንሹት አንሺው። መብቱ ከጻፍሽበት ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ነው፤ የግድ ማስመዝገብ የለብሽም። በብዕር ስም መሆኑም ባለቤት አልባ አያደርገውም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምለሰት፣ ዘመድ ነው ግን። ከመጀመርሽ በፊት አስቢበት።»

«እያሰብኩ ነው የምሄደው» አለችው።

አዳራሹ ቡሬ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የስብሰባ ቤት ነው። ሰው ሳይመሽ ወደየቤቱ እንዲገባ ተብሎ ፕሮግራሙ በጊዜ ተጀምሯል። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ መድረኩ ላይ የወንዳወቅ ፎቶግራፍ ያለበት ባነር ተሰቅሎ በአንድ በኩል ተላቅቋል፤ እንግዶች ፊት የታሸገ ውኃ ተቀምጧል። አምለሰት ስትገባ አጎቷ አያ ላቀው ከፊት ረድፍ ተነስተው ተቀበሏት። አዲስ ኩታ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ፤ ከገጠር በእግር ነው የመጡት። አባቷ ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ወስደው ከወንዳወቅ ጋር በአንድ መደብ ያስተኟት፣ ቡሬ ቤት ተከራይተው ሁለቱንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። «አየሽልኝ?» አሉ ባነሩን በአገጫቸው እያሳዩ። «የኔንም ስም ጽፈውታል አሉ።» አምለሰት ጉልበታቸውን ስማ «አየሁ፣ አያ» አለች። እትዬ ሀብትነሽ ፀጉሯን በነጠላ ጠቅልላ ሲያዩዋት ፊታቸውን ቋጠሩ። ሄዳ ሁለቱ መሀል ተቀመጠች። አያ ላቀው እጇን ይዘው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ እስከ ንግግሩ ድረስም አልለቀቁትም።

አንድ ጡረተኛ መምህር ስለ ንባብ ተናገሩ። አንዲት ልጅ ግጥም አቀረበች። ከዚያ ወንዳወቅ ተነሳ። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ያምርበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ በደብተር ጀርባ የሚጽፍ ልጅ ነበር፤ ማታ ማታ እያነበበላት እንቅልፍ የነሳት ጊዜ ብዙ ነው። አምለሰት ይህን አልረሳችም። ስለዚህም ሲናገር በልቧ «አሁን ይለዋል፤ ከአንዲት ጸሐፊ ያገኘሁት ነው ይላል» እያለች ጠበቀችው። አላለም። «ይህን ታሪክ ቁጭ ብዬ አልፈጠርኩትም» አለ፤ «ያችን እናት አውቃታለሁ። በእንባ ነው የጻፍኩት።» ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አያ ላቀው ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። አምለሰት እጇን ከእጃቸው ቀስ ብላ አወጣች።

የመድረክ መሪው «ጥያቄና አስተያየት» ሲል መጀመሪያ የቆመችው እሷ ነበረች። ማይክሮፎኑን አቀበሏት።

«ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነው» አለች። «ደራሲው በራሳቸው አንደበት ቢያነቡልን ብዬ ነው። ገጽ አርባ ሦስት፣ ከላይ ሁለተኛው አንቀጽ።»

ወንዳወቅ ፈገግ አለና «እህቴ ናት» ብሎ ለሕዝቡ አስተዋወቃት። ተጨበጨበላት። መጽሐፉን ገልጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በዚያ በሚያምር የክፍል ድምፁ ማንበብ ጀመረ። «‹ከብርድ ልብሱ ስር ያለው እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። በዚያ ሁሉ ምጥ ውስጥ ሆና እኔን ልታጽናናኝ ነው። አይዞሽ እህቴ፣ አለችኝ፤ እጅሽ…›»

ቆመ። ዓይኑ መስመሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ይጨርሱልን» አለች አምለሰት።

ወንዳወቅ አልጨረሰም። ከኋላ ረድፍ አንድ ተማሪ ሳቀ። ሁለት ሦስት ሰዎች መጽሐፋቸውን ገልጠው ገጹን ይፈልጉ ጀመር፤ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማል። የመድረክ መሪው ፈጠን ብሎ «ያው የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ በሁለተኛው እትም ይታረማል» አለ።

«ማተሚያ ቤት ፊደል ይገድፋል እንጂ ወንድ የነበረውን ሴት አያደርግም» አለች አምለሰት። «የቀረው ‹እጅሽ አይንቀጥቀጥ› ነው የሚለው። ሴትዮዋ አይዞሽ ያለችው እኔን ነው። አዋላጇ እኔ ነኝ፤ እጁ የኔ ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ነሐሴ 21 ቀን 2014 ‹ያምሮት ዘቋሪት› በሚል ገጽ ‹የልጁ እጅ› ብዬ አወጣሁት። ስልክ የያዘ ሰው አሁን ከፍቶ ያስተያየው። መምህር ወንዳወቅ ያችን እናት አላያትም። ደራሲው ነኝ ብሎ ስሙን የጻፈበት የሰው ሥራ ነው።»

አዳራሹ እንደ ቀፎ አጉረመረመ። ያን ጊዜ አያ ላቀው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ሰው ዝም አለ።

«አምለሰት፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ተቀመጪ። የቤት ነገር በቤት ይታያል።»

በዕድሜዋ ሁሉ ቃላቸውን አጥፋ አታውቅም። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«አያ፣ ሁልጊዜ ተቀመጪ ሲሉኝ ተቀምጫለሁ» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አላቆመችም። «ዛሬ አልቀመጥም። እሱ ያወጣው አደባባይ ነው፤ እኔም የምናገረው አደባባይ ነው። ይቺን ታሪክ በአደራ የሰጠችኝ ሴት አለች። እሷን ቤት ውስጥ ዘግቼ አልሸማገልባትም።»

ማይክሮፎኑን ከኋላዋ ለተቀመጠ ሰው አቀብላ እንደቆመች ቀረች። ፕሮግራሙ በዚያው ተበተነ።

ከመድረኩ ጀርባ የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ጠባብ ክፍል ነበር። አራቱ እዚያ ገቡ፤ የሚቀመጥ አልነበረም። ገና ያልተፈቱ የመጽሐፍ ጥቅሎች ግድግዳው ስር ተደርድረዋል። እትዬ ሀብትነሽ ለእንግዳ ያዘጋጁትን ሰሃን እንደታቀፉ ግድግዳውን ያያሉ። ወንዳወቅ ክራቫቱን ፈታ።

«ያንቺ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር። በእግዜር።»

«የሌላ ሰው ቢሆን ትነካው ነበር ማለት ነው?»

«ኢንተርኔት ላይ የተጣለ ነገር ነው! ያምሮት የምትባል ሰው የለችም። ሺህ ሰው እየተቀባበለው ነው፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እዚያው ጠፍቶ ሊቀር ነበር። እኔ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት፣ ለሰው አደረስኩት።» ድምፁ ተሰበረ። «ሌሎቹ አሥራ አንዱ የኔ ናቸው። አንድ ሰው አላነሳቸውም። ሁሉም ስለዚህችው ነው የሚያወራው።»

አምለሰት አዘነችለት። ማዘኗ ግን ቃሏን አልለወጠውም። «አሥራ አንዱን ይዘህ ብትወጣ ኖሮ ዛሬ ከማንም ቀድሜ የማጨበጭብልህ እኔ ነበርኩ» አለችው።

አያ ላቀው እስካሁን ልጃቸውን አላዩትም ነበር። አሁን ቀና ብለው አዩት።

«እውነት የሷ ነው?»

«አባዬ፣ ኢንተርኔት ማለት…»

«የሷ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«የሷ ነው።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደገፉ። «አውድማ ላይ ያደረ እህል፣ ባለቤቱ አጠገቡ አልተኛም ተብሎ ይጫናል?» አሉ። ወንዳወቅ የፈታውን ክራቫት ኪሱ ከተተ።

አምለሰት የምትፈልገውን ነገረችው። መጽሐፉ በሙሉ ከየመደብሩ ይሰብሰብ፤ ትረካው ይውረድ፤ ታሪኩ የሱ እንዳልሆነ በራሱ ገጽ፣ በራሱ ቃል ይጻፍ። «ሳምንት እጠብቃለሁ። ካልሆነ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

እትዬ ሀብትነሽ ያን ጊዜ ዞሩ። «ወንድምሽን ልትከሺ?»

«እከሳለሁ፣ እትዬ።»

«ያጎረስኩሽ እጄ ይፋረድሽ» አሉ፤ ሰሃኑን እንደያዙ ወጡ። አምለሰት ተከትላቸው አልወጣችም። ልመናም አላቀረበችም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የእርጎና የዳቦ ሽታ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ያን ጊዜ ትዝ አላት።

መናኸሪያው ድረስ የሸኟት አያ ላቀው ናቸው። በትራቸውን አስፋልቱ ላይ ኳ ኳ እያደረጉ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀድመዋት ይሄዳሉ። አሥር ሰዓት አልፏል፤ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ነው፤ ገና አራት ሰው ብቻ ነበር የያዘው። አምለሰት ገብታ ስትቀመጥ አያ ላቀውም በትራቸውን አስቀድመው ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«አያ፣ ወዴት?»

«አንብቢልኝ» አሉ። «እሱ ሲያነበው አቋርጦ ቀረ። ምን እንዳልሽ እኔ አላወቅሁም።»

ስልኳን አውጥታ ከመጀመሪያው ጀመረች። መጀመሪያ ለሳቸው ብቻ እንዲሰማ ዝቅ አድርጋ ነበር የምታነበው። ትንሽ ቆይቶ ከፊት የተቀመጡ፣ ሽንኩርት በኬሻ የያዙ ሴት ዞር አሉና «ከፍ አድርጊው ልጄ» አሏት። ከፍ አደረገችው። ሰው አንድ ሁለት እያለ ገባ፤ የገባው ሁሉ ቦታውን ይዞ ዝም ይላል። ውጭ «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም!» እያለ የሚጣራውን ረዳት አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብሎ «እረፍ እስቲ፣ እየሰማን ነው» አለው። መኪናው ሞላ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉን ሰካው፤ ግን አላስነሳውም። አምለሰት ሦስተኛው ወንዝ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

የሽንኩርቷ ሴት «እግዜር ያጽናት» አሉ። አያ ላቀው በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«ሴትዮዋ አለች?»

«አለች፣ አያ። አምና ሴት ልጅ ወለደች።»

«ተመስገን» አሉ። ሊነሱ ሲሉ መልሰው ተቀመጡ። «ስሚኝ አምለሰት። ፍርድ ቤት የሄድሽ እንደሆነ የምቆመው ከሱ ጎን ነው። ልጄ ነው፤ ብቻውን አልጥለውም። ግን ዳኛው የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ እንደሆነ አልዋሽም። ይህን ዛሬ ማታ ለሱም እነግረዋለሁ።»

«እሺ፣ አያ።»

ግንባሯን ሳሙትና ወረዱ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ አይሄዱም እንዴ?» አላቸው።

«እኔስ ልሸኝ ነው» አሉ አያ ላቀው። ኩታቸውን አስተካክለው፣ በበትራቸው ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ወደ እሷ ጠቆሙ። «አሁን የሰማኸውን የጻፈችው እሷ ናት» አሉት፤ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው።